ከጅማ ተነስቶ ፈረንሳይኛን በዩኒቨርሲቲ ማጥናት፦ ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ መጀመሪያው ፈተና

ፈረንሳይኛ ትምህርት ክፍል የገቡ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት የሚንገዳገዱበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ቋንቋውን በዓይናቸው ብቻ ተምረው ነው የሚሄዱት። የግስ ሰንጠረዡን ሸምድደዋል፣ ደብተሩ በቃላት ሞልቷል። መምህሩ መናገር ሲጀምር ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ጅማ ላይ ደግሞ ፈረንሳይኛ የሚያናግር ሰው እንደ ልብ ስለማይገኝ የማዳመጥ ልምምዱ ሁልጊዜ ለነገ ይባላል። እዚህ ያለው ቅደም ተከተል ጆሮን ያስቀድማል። ሰዋስው ይከተላል። ደረጃ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ የት እንደምትማሩ አጣሩ

ፈረንሳይኛ በየዩኒቨርሲቲው በዲግሪ ደረጃ አይሰጥም። ለረጅም ጊዜ ሲያስተምር የቆየው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመግቢያ ደንቡ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር በሰው ወሬ ምርጫ አትሙሉ። የዘመኑን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ሬጅስትራር ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። ዘንድሮ ትምህርት ክፍሉ አዲስ ተማሪ ይቀበላል ወይ? ፈረንሳይኛ ጨርሶ የማያውቅ ተማሪስ ይገባል ወይ?

ካልተሳካ ሌላ መንገድ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሌላ የትምህርት ዘርፍ እየተማራችሁ ፈረንሳይኛውን ጎን ለጎን እስከ ቢ2 (የቋንቋ ችሎታ ከሚለካባቸው ከኤ1 እስከ ሲ2 ካሉት ስድስት ደረጃዎች አራተኛው) ማድረስ ይቻላል። የሕግ፣ የቱሪዝም ወይም የጤና ዲግሪ ከጥሩ ፈረንሳይኛ ጋር ሲሆን ከቋንቋ ዲግሪ ብቻውን የበለጠ በር የሚከፍትበት ጊዜ አለ። የአፍሪካ ኅብረት ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ ፈረንሳይኛ መሆኑን አትርሱ።

ፈረንሳይ ሄዶ መማር የሚፈልግ የውጭ ተማሪዎችን በሚያስተናግደው የፈረንሳይ መንግሥት ተቋም፣ በካምፓስ ፍራንስ በኩል ይጀምር። የመጀመሪያ ዲግሪው 3 ዓመት ነው። በፈረንሳይኛ ለሚሰጥ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቢ2 ነው። ማመልከቻው ትምህርቱ ከመጀመሩ ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ተነሱ።

ደረጃ 2፦ ስማችሁን አንድ አድርጉ

ይህን የሚንቅ ብዙ ነው፤ ኋላ ላይ የሚያለቅሰውም እሱው ነው። ስማችሁ በላቲን ፊደል የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርት ላይ ሌላ ዓይነት፣ የቋንቋ ፈተና ምዝገባ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ከተጻፈ ለተቀባዩ ቢሮ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናችሁ።

1. ፓስፖርት ካላችሁ የፓስፖርቱን አጻጻፍ መነሻ አድርጉ። ከሌላችሁ የ12ኛ ክፍሉን። ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ጻፉና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።
2. የፈረንሳይ ቅጽ የቤተሰብ ስምና የግል ስም ለይቶ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ፓስፖርታችሁ እንዴት እንደከፋፈለው አይታችሁ ያንኑ ድገሙ። በአንዱ ቅጽ የአያትን፣ በሌላው የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጋችሁ አትሙሉ።
3. የልደት ቀናችሁን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ጊዜ በትክክል ቀይሩና ሁልጊዜ እሱኑ ጻፉ። ቅደም ተከተሉ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ነው።

ቀድሞ የተበላሸ ሰነድ ካለ አሁኑኑ ጀምሩ። የ12ኛ ክፍል ውጤትን የሚመለከተው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። እርማት ጊዜ ይበላል፤ ማመልከቻ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ዕቃችሁን አዘጋጁ

ስልክ፣ ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ፣ ወፍራም ደብተር፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ። ስልኩ ላይ የፈረንሳይኛ ኪቦርድ ጫኑ። ፊደሎቹ ላይና ሥር የሚቀመጡትን ምልክቶች እየተዋችሁ መጻፍ ከለመዳችሁ ፈተና ላይ እጃችሁ እምቢ ይላል።

መብራትና ኔትወርክ እንደፈለጉ ስለሚሄዱ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ለማጥናት አታቅዱ። የሳምንቱን ድምፅ ከነጽሑፉ ርካሽ ጥቅል ባላችሁ ሌሊት አውርዱ። አር ኤፍ ኢ የተባለው የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ ለተማሪዎች በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያዘጋጀው የ10 ደቂቃ ያህል ዜና አለው፤ የሚነበበው ጽሑፍም አብሮ ይወጣል። ቲቪ ሳንክ ሞንድ ደግሞ ከኤ1 እስከ ቢ2 በየደረጃው የተከፋፈለ ነፃ ልምምድ አለው። ለጀማሪ የሚሻለው ሁለተኛው ነው። እነዚህ ሁለቱ በቂ ናቸው። 12 መተግበሪያ ጭኖ አንዱንም አለመጨረስ ጊዜ ማባከን ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት፣ ጆሮና አፍ ብቻ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አብዛኛው ሰው የሚበላሸው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ፣ የፈረንሳይኛን አነባበብ በፊደላችን ደብተር ላይ አትጻፉ። እኔ እዚህ የምጽፈው ለመጠቆም ያህል ነው። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ እዩት። «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉት ሁለት የፈረንሳይኛ ቃላት በፊደላችን ሲጻፉ ሁለቱም «ደሱ» ይሆናሉ። ለፈረንሳዩ ግን የመጨረሻው አናባቢ ፈጽሞ የተለያየ ነው። መጽሐፉ ከላይ ነው ልትሉ ከታች ብላችሁ ታርፋላችሁ።

ያንን ድምፅ እንዲህ አውጡት፦

1. «ኢ» በሉና ድምፁን ሳታቋርጡ ያዙት።
2. ምላሳችሁን ከቦታው አታንቀሳቅሱ።
3. ከንፈራችሁን ብቻ ልታፏጩ እንደሆነ አሹሉት።

የሚወጣው ድምፅ «ከላይ» የሚለው ውስጥ ያለው ነው። «ኡ» ሆኖ ከወጣ ምላሳችሁ ወደ ኋላ ሸሽቷል ማለት ነው፤ ከ«ኢ» እንደገና ጀምሩ። መስታወት ፊት ሥሩት።

ቀጥሎ በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች። «ጥሩ» የሚለውን ቃል «ቦን» ብለን ብንጽፈውም መጨረሻው ላይ «ን» የለም። ምላሳችሁ የላይኛውን ጥርስ ሥር ከነካ ስህተት ነው። አፋችሁን ክፍት አድርጋችሁ ጨርሱ።

«ር»ን በምላስ ጫፍ አታርገብግቡ። «ኸ»ን በለሆሳስ እያላችሁ ድምፅ ጨምሩበት፤ ከጉሮሮ ይምጣ። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ ግን ይለመዳል።

«ቭ» ስትሉ የታችኛው ከንፈር የላይኛውን ጥርስ ይንካ። ወይን ጠጁ «ቫን» ነው፣ መታጠቢያው «ባን»። «ዠ» እና «ኝ» ላይ አትድከሙ፤ ከእናታችሁ ቤት ይዛችኋቸው መጥታችኋል።

«ስ» እና «ዝ» ደግሞ ትርጉም ይገለብጣሉ። «ፗሶን» ዓሣ ነው፣ «ፗዞን» መርዝ። «ኢል ሶን» ናቸው ማለት ነው፣ «ኢል ዞን» አላቸው። ሁለተኛው «ዝ» ያገኘው በመያያዝ ነው። ብቻውን ሲቆም የማይነበብ የቃል መጨረሻ፣ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ነፍስ ይዘራል። «ጓደኞቹ» የሚለውን ሁለት ቃል አድርገው ይጽፉታል፤ ሲናገሩት ግን «ሌዛሚ» ነው። ጆሯችሁ ቃል የሚጠፋበት ዋናው ምክንያት ይህ መያያዝ ነው።

የየቀኑ ልምምድ

ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ድምፅ ምረጡ።

1. ጽሑፉን ሳታዩ ሦስት ጊዜ አዳምጡ።
2. የሰማችሁትን በሰማያዊ ጻፉ። ያልሰማችሁበትን ቦታ ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉ።
3. ጽሑፉን ክፈቱና የጎደለውን በቀይ ሙሉ።
4. ቀዩን ብቻ መልሳችሁ መልሳችሁ አዳምጡ። ለምን እንዳመለጣችሁ ፈልጉ፦ ቃሉን አታውቁትም ነበር ወይስ ተያይዞ ነው የተነገረው?
5. ከተናጋሪው እኩል ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ራሳችሁን ቅዱና ከዋናው ጋር አስተያዩ።

ምንም ካልሰማችሁ ድምፁን ወደ 10 ሴኮንድ ቁረጡት፤ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርዱ፣ ከዚያ በታች ግን አትሂዱ። ጽሑፉን ስታነቡት እንኳ ግማሹ ካልገባችሁ ችግሩ የጆሮ ሳይሆን የደረጃ ነው፤ አንድ ደረጃ ውረዱ። ዶርም ወይም ቤት ውስጥ መጮህ ካፈራችሁ ወደ ጅሬን የሚወስደውን ዳገት በእግር እየወጣችሁ ሥሩት። ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም፤ ስልክ የምታወሩ ነው የሚመስለው።

ደረጃ 5፦ ስም ከነጾታው፣ ግስ ከነረዳቱ

በአማርኛ «መኪናው» ብትሉም «መኪናዋ» ብትሉም ያስኬዳል። እንደ ስሜታችሁ ትቀያይራላችሁ። ፈረንሳይኛ ግን ይህን ነፃነት አይሰጥም። መኪና ሴት ናት፣ ቡና ወንድ ነው፣ አለቀ። ስለዚህ ስምን ብቻውን አትሸምድዱ፤ ከፊቱ ካለው መስተአምር (ጾታውን ከሚያሳየው ትንሽ ቃል) ጋር አንድ ቃል አድርጋችሁ ያዙት። ወንዱን በሰማያዊ፣ ሴቷን በቀይ ጻፉ። በ«ሲዮን» የሚጨርሱ ቃላት በአብዛኛው ሴት ናቸው፤ በ«ማን» እና በ«አዥ» የሚጨርሱት በአብዛኛው ወንድ። «በአብዛኛው» ነው ያልኩት። ገጽ፣ ምስልና የባሕር ዳርቻ የሚሉት ቃላት በ«አዥ» ጨርሰው ሴት ናቸው፤ ፈታኞች ደግሞ ይወዷቸዋል።

ከግስ አስቀድማችሁ አራቱን አጥኑ፦ መሆን፣ መኖር (አለኝ የሚለው)፣ መሄድ፣ ማድረግ። የተለመደው ኃላፊ ጊዜ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። አብዛኛው ግስ «አለኝ»ን ይዞ ይሄዳል። መሄድ፣ መምጣት፣ መግባት፣ መውጣት፣ መወለድ፣ መሞትና ጥቂት ዘመዶቻቸው ግን «መሆን»ን ይዘው ይሄዳሉ፤ ያኔ ግሱ ከባለቤቱ ጾታና ቁጥር ጋር ይስማማል። «ሄደች» ስትሉ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ይጨመራል። ሲነገር አይሰማም፣ ሲጻፍ ግን ነጥብ ያስቀንሳል።

በእንግሊዝኛ በኩል አትተርጉሙ። ቤተ መጻሕፍት የሚመስላችሁ «ሊብሬሪ» መጻሕፍት መሸጫ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ «ቢብሊዮቴክ» ነው። ከአማርኛ ወይም ከኦሮምኛ በቀጥታ መሄድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። አንተና እርስዎን መለየትማ ማንም ሊያስተምራችሁ አይገባም።

ደረጃ 6፦ ቁጥርና ሰዓት

ቁጥር ያልለመደ ሰው የማዳመጥ ፈተና ላይ በከንቱ ነጥብ ይጥላል። በፈረንሳይ 70 «ስልሳ አስር» ነው፣ 80 «አራት ሃያ»፣ 97 ደግሞ «አራት ሃያ አስራ ሰባት»። ፈረንሳዮች ስልክ ቁጥር ሁለት ሁለት አሃዝ አድርገው ነው የሚያነቡት። የእኛም ቁጥር 10 አሃዝ ስለሆነ ስልካችሁ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ በዚህ መንገድ አንብቡ። ሳይቆራረጥ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ።

ሰዓታቸው ባለ 24 ነው። 14፡30 ማለት በእኛ ከቀኑ 8፡30 ነው። የፈተና ጥሪ ወረቀት ሲደርሳችሁ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ሌላ ሰውም ያረጋግጥላችሁ።

ደረጃ 7፦ አፍ መፍቻ ርዕስ አዘጋጁ

የቃል ፈተና ላይ ስለራሳችሁና ስለአካባቢያችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ስለ ፓሪስ አታዘጋጁ። ስለ ጅማ አምስት ርዕስ ያዙ፦ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ቡና ከለቀማ እስከ ሲኒ፣ የሂርማታ ገበያ ቀን፣ በባጃጅ መሄድ፣ የክረምቱ ዝናብ። እያንዳንዱን 3 ደቂቃ ተናገሩ፣ ቅዱ፣ አዳምጡ።

ጽሑፍ ሸምድዳችሁ አትግቡ። ፈታኙ መሃል ላይ አቋርጦ «ለምን?» ሲላችሁ ሽምደዳው ይበተናል። በምትኩ ለእያንዳንዱ ርዕስ ስድስት ቁልፍ ቃል ብቻ ካርድ ላይ ጻፉና በየቀኑ ሌላ ዓረፍተ ነገር ሥሩ። የቡናው ርዕስ በጣም የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ መታጠብ፣ መቆላት፣ መውቀጥ፣ መፍላት፣ መቅዳት ሁሉም ግስ ስለሆነ ወሬው አይደርቅም። እናታችሁ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጣችሁ እያንዳንዱን እርምጃ በፈረንሳይኛ በሹክሹክታ ተርኩ።

ከተቻለ ሦስት አራት ልጆች ሆናችሁ በሳምንት አንዴ ተገናኙ። አንዱ ፈታኝ ይሁን። አማርኛ የተናገረ የማኪያቶ ይክፈል።

ደረጃ 8፦ ዴልፍን ውሰዱ

ዴልፍ የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የቋንቋ ዲፕሎማ ነው። ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1 እና ቢ2 አለው። የምስክር ወረቀቱ ጊዜው አያልፍም፤ ቲሲኤፍ የሚባለው ሌላው ፈተና ግን የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። ዝቅተኛውን ሳይወስዱ በቀጥታ ከፍተኛውን መውሰድ ይፈቀዳል። አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ በሚባለው የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከል ነው።

በቀን 1 ሰዓት በትጋት ከሠራችሁ በዓመት 365 ሰዓት ይሆናል። ቢ1ን ለመሞከር ያበቃል። ለቢ2 ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ የሚያጣድፋችሁን ሰው አትስሙ።

ነጥቡን በደንብ ተረዱ። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው ከ25 ይያዛሉ። ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 50 ያስፈልጋል፤ ከአንዱም ክፍል ከ5 በታች ማምጣት አይፈቀድም። በማንበብ 22፣ በመጻፍ 20፣ በመናገር 18፣ በማዳመጥ 4 ያመጣ ልጅ ድምሩ 64 ሆኖ ይወድቃል። ደረጃ 4ን የዘለለ ሰው ውጤት ይህን ይመስላል።

ለመጻፍ ቢ1 ቢያንስ 160 ቃል፣ ቢ2 ቢያንስ 250 ቃል ይጠይቃሉ። በሁለት ክፍት ቦታዎች መካከል ያለው ሁሉ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል። «ማለትም» የሚለው በሰረዝ የተያያዘ ረጅም ቃላቸው እንኳ አንድ ነው። ቁጠሩና ታች ላይ ጻፉት።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈተናው ዋዜማ ሳይሆን ከዋዜማው በፊት ግቡ። የቃል ፈተናው ከጽሑፉ በሌላ ቀን ሊሆን ስለሚችል የጥሪ ወረቀቱን ሳታዩ የመመለሻ ቲኬት አትቁረጡ።

ፈታኙ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ «ቦንዡር» በሉ። በፈረንሳዮች ዘንድ ሱቅም ሆነ ቢሮ፣ ሰላም ሳይሉ ጥያቄ መጀመር ነውር ነው። ከዚያ እርስዎ በሉ፤ ፈታኙ ወጣት ቢሆንም።

ደረጃ 9፦ የባህልና የሥልጣኔ ኮርሱ

እዚህ የሚወድቁት የፈረንሳይን ታሪክ እንደ ዝርዝር የሚሸመድዱ ናቸው። ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ ወረቀት ያዙና ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ዓመቱን፣ ምክንያቱን፣ ዛሬ ላይ ያደረሰውን ለውጥ። ዓመቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይሩ፤ ፈተና ላይ ይደባለቁባችኋል።

ምሳሌ እንውሰድ። በ1905 የወጣው ሕግ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ። በ2004 ሌላ ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት ማድረግን ለተማሪዎች ከለከለ፤ ሒጃብም በዚያው ውስጥ ነው። እንደ ጅማ ባለ ከተማ ላደገ ልጅ ይህን አንብቦ ዝም ማለት ከባድ ነው። አቋማችሁን ደብቁ አልልም። ግን መጀመሪያ የሕጉ ደጋፊዎች የሚሉትን እነሱ ራሳቸው በሚቀበሉት መልኩ ጻፉ፣ ቀጥሎ የተቃዋሚዎችን፣ ከዚያ የእናንተን። መምህሩ ነጥብ የሚሰጠው ለክርክሩ አሠራር ነው።

ፈረንሳይን ብቻ አታጥኑ። ጎረቤታችን ጅቡቲ የሥራ ቋንቋዋ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው። ሴኔጋልና ኮትዲቯር በ1960 ነፃ ወጥተው ቋንቋውን ይዘው ቀጥለዋል። የአፍሪካ ምሳሌ ያለው ጽሑፍ ከእናንተ ይጠበቃል፤ አንባቢውም በጉጉት ያነበዋል።

ድርሰትና ማሳጠር

በአማርኛ ድርሰት ስንጽፍ በተረትና ምሳሌ ከፍተን በምክር መዝጋት ለምደናል። የፈረንሳዮቹ ድርሰት ሌላ ነገር ይፈልጋል። መግቢያው ላይ አንድ ጥያቄ ይቀመጣል፤ «ፕሮብሌማቲክ» ይሉታል። ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች ለዚያ ጥያቄ ይሠራሉ። ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ መጻፍ አትጀምሩ፤ ከሰዓቱ ሩቡን ለዕቅዱ ስጡ።

ጽሑፍ አሳጥሩ ስትባሉ «እኔ» አትበሉ፣ አስተያየት አትጨምሩ፣ ዓረፍተ ነገር አትገልብጡ። የቃል ገደቡ ሲነገራችሁ ከእሱ 10 በመቶ በላይ አትራቁ።

ሲበላሽ

ክፍል ውስጥ ምንም ካልገባችሁ፦ ቀድማችሁ መምህሩን አስፈቅዱና ቅዱ፤ ማታ አምስት ደቂቃውን ብቻ በደረጃ 4 መንገድ ሥሩ። ሁለት ሰዓቱን ሁሉ ለመገልበጥ አትሞክሩ።

ሁለት ሳምንት ካቋረጣችሁ፦ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። ከአንድ ወር በፊት የሠራችሁትን ድምፅ መልሳችሁ አዳምጡ። ጆሮ ቶሎ ይረሳል፣ ግን ቶሎ ይመለሳል።

ዴልፍ ከወደቃችሁ፦ የአራቱንም ክፍል ነጥብ ተቀበሉ። ድጋሚ ስትወስዱ አራቱንም ክፍል እንደ አዲስ ነው የምትፈተኑት፤ ያለፋችሁት አይያዝላችሁም። ስለዚህ ከጊዜያችሁ ግማሹን ዝቅ ላለው ክፍል ስጡ፣ ሌሎቹን ግን በሳምንት አንድ አንድ ጊዜ ንኳቸው። የቀጣዩን ዙር የምዝገባ ቀን የዚያኑ ዕለት ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ከፈተናው ሳምንታት ቀድሞ ይዘጋል።